«ሞከሩልን» ወይስ «ሞከሩብን»? የክትባት የመጀመሪያ ሙከራ የሚነግረንና የማይነግረን

በአማርኛ አንዲት ፊደል ሙግት ታስነሳለች። «ክትባት ሞከሩልን» እና «ክትባት ሞከሩብን» ሲባል የሚቀየረው «ል» እና «ብ» ብቻ ነው። ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ባሕር ዳር ውስጥ ጀበና ቡና ተከቦም ይሁን ባጃጅ ውስጥ ተጣቦ፣ የአዲስ ክትባት ወሬ ከተነሳ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ፊደል «ብ» ናት።

ወሬው በቅርቡ አዲስ ማገዶ አግኝቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ኢክስቺክ» የተባለውን፣ በትንኝ ለሚተላለፈው የቺኩንጉኒያ በሽታ የተሠራ ክትባት ፈቃድ አገደ። ክትባቱን ያጸደቀው ራሱ ነበር፤ ያውም ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ተፈትኖ አልፏል ከተባለ በኋላ እንዴት ይታገዳል? መጀመሪያ ሰው ላይ ሲፈተሽ ታዲያ ምን ሲታይ ነበር?

ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲሰጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙዎቻችን ከምናስበው በጣም ጠባብ ነው። ግርግሩ የሚነሳው ጠባቡን መልስ አስፍተን ስናነበው ነው። አምራቹ ያሰፋዋል፣ ዜናው ያሰፋዋል፣ ተጠራጣሪውም በበኩሉ ያሰፋዋል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወባ ያልሆነ ትኩሳት

ጣና ዙሪያ ላደገ ሰው ትኩሳት ማለት ወባ ነው። ድሮ ንዳድ ይሉት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሰውም አብሮ ይተኛል። ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በ2024ም አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ወባ ግን ቫይረስ አይደለም። የሚያመጣው ፕላስሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው። የምታስተላልፈው አኖፌለስ የምትባል፣ በአብዛኛው በሌሊት የምትናከስ ትንኝ ናት። ቺኩንጉኒያ፣ ዴንጊ፣ ዚካና ቢጫ ወባ ደግሞ ቫይረሶች ናቸው። ዋና አስተላላፊያቸው ኤደስ የምትባል ሌላ ትንኝ ስትሆን እሷ የቀን ተናካሽ ናት። «ቢጫ ወባ» የሚለው ስማችን ራሱ አሳሳች ነው። በሽታው ከወባ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስሙ ግን ተለጥፎበት ቀረ።

ኤደስ ረግረግ አትፈልግም። የተከፈተ ሮቶ፣ በርሜል፣ የተጣለ ጎማ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን ይበቃታል። እንቁላሏን የምትጥለውም ውኃው ላይ ሳይሆን ከውኃው በላይ ባለው እርጥብ የበርሜል ግድግዳ ላይ ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጥላሸት የነካው ሊመስለው ይችላል። በርሜሉ ቢደርቅ እንቁላሉ አይሞትም። ተጣብቆ ወራት ይቆያል። ውኃ ተመልሶ ሞልቶ ሲነካው ይፈለፈላል። ማታ አጎበር ውስጥ መግባት ከወባ ይጠብቃል፤ ጠዋት በርሜል ጎን ልብስ የምታጥብ ሴትን ከኤደስ አያድናትም።

ቺኩንጉኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1952 በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ማኮንዴ በሚባለው አምባ ነው። ስሙም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው። ብዙ ሰው አይገድልም። ግን መገጣጠሚያን ይቆላልፋል፤ አንዳንዱን ለወራት፣ አንዳንዱን ከዚያም በላይ። ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው በ2016 በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ነው። በ2019 ድሬዳዋ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳመመ። ዴንጊም እዚያው ድሬዳዋ በ2013 ወረርሽኝ ሆኖ ነበር።

ባሕር ዳር ከድሬዳዋ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ ናት። ይህ ከፍታ ጥቂት ያግዛል። ነገር ግን ከጣና ዙሪያ በየዓመቱ ብዙ ወጣት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። በእነዚያ ቆላዎች በተደረገ የደም ምርመራ የዴንጊ ምልክት የተገኘባቸው ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ አጭዶ ሲመለስ ትኩሳት ቢይዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ ለወባ ይመረመራል። «ወባ የለብህም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ያመመው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ሃያ አምስት ሰዎች

የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ፣ በተለምዶ «ፌዝ 1» የሚባለው፣ ምን እንደሚመስል በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እንየው። ከታኅሣሥ 2011 እስከ መጋቢት 2012 ድረስ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በሜሪላንድ ግዛት ቤተስዳ ከተማ አዲስ የቺኩንጉኒያ ክትባት ለመሞከር ፈቃደኞችን መዘገቡ። ስንት ሰው? 25። አልተሳሳትኩም፤ ሃያ አምስት ብቻ።

አምስቱ 10 ማይክሮግራም ወሰዱ። አሥሩ 20፣ አሥሩ ደግሞ 40። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮነኛ ነው። ትልቁ መጠን እንኳን ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት በብዙ ያንሳል። ሦስት ጊዜ እንዲወጉ ታቅዶ ነበር፦ በመጀመሪያው ቀን፣ በአራተኛው ሳምንትና በሃያኛው ሳምንት። ከትልቁ መጠን ቡድን ሁለት ሰዎች አልጨረሱም። በጠቅላላው 73 መርፌ ተሰጠ። ከባድ ችግር አልተመዘገበም። ከሁለተኛው መርፌ በኋላም በሁሉም ቡድኖች ቫይረሱን የሚያመክን አንቲቦዲ ታየ። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ጠላቱን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ መጠኑ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ትንሹ ይሰጣል። ይጠበቃል። ውጤቱ ይገመገማል። ምንም ካልታየ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። የሚያሳስብ ነገር ከታየ ሙከራው የሚቆምበት መስመር አስቀድሞ ተጽፏል። ስንት ሰው ምን ዓይነት ችግር ሲገጥመው መርፌው እንደሚቆም የሚወሰነው ችግሩ ከመጣ በኋላ አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡን ያፈሰሰ አካል በችኮላ «ግዴለም እንቀጥል» እንዳይል የሚያስረው ይህ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ አንዱ ፈቃደኛ ጠጋ እንበል። ክንዱ ላይ ይወጋል፤ ግን ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ወንበር ላይ ይቆያል። የሚፈራው ድንገተኛ ከባድ አሌርጂ ነው፤ እሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አድሬናሊን በቅርብ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከዚያ ፈቃደኛው ቴርሞሜትር፣ አንድ ትንሽ ማስመሪያና አንድ ወረቀት ተሰጥቶት ይሄዳል። ማስመሪያው ለምን? የተወጋው ቦታ ከቀላ ወይም ካበጠ ስፋቱን በሚሊሜትር ይለካበታል። ማታ ማታ ለሳምንት ያህል ይጽፋል፦ ሙቀቴ ይህን ያህል፣ ራስ ምታት አለ ወይም የለም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። ለቺኩንጉኒያ ክትባት የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም በላይ ትታያለች።

እያንዳንዱ ምልክት ማርክ አለው። ሥራ የማያስፈታ ራስ ምታት 1 ነው። ሥራ የሚያስተጓጉል 2፣ ሥራ አስፈትቶ የሚያስተኛ 3፣ ሕይወትን የሚያሰጋ 4። በየቀጠሮው ደም ይወሰዳል፤ ጉበትና ኩላሊት ይታያሉ፣ የደም ሴል ይቆጠራል።

«ከባድ ክስተት» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ሞት፣ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ዘላቂ ጉዳት፣ በጽንስ ላይ የሚታይ ጉድለት። መንስኤው ምንም ይሁን ምን ይመዘገባል። ፈቃደኛውን ባጃጅ ገጭቶት ሆስፒታል ቢተኛ እሱም ይጻፋል። ከክትባቱ ጋር ይያያዛል ወይስ አይያያዝም የሚለው ቀጥሎ የሚመረመር ነው። «በሙከራው ወቅት አንድ ሰው ሞተ» የሚል ርዕስ ስናይ መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው፦ በሙከራው ወቅት ወይስ በሙከራው ምክንያት?

እዚህ ደረጃ ላይ ያልተጠየቀ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ክትባቱ ከበሽታው ያድናል ወይ? ሃያ አምስት ሰው ይህን መመለስ አይችልም። አንቲቦዲ መታየቱ ተስፋ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የለንደኑ አደጋ

በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተሞከረ። ክትባት አልነበረም፤ የሰውነትን መከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅስ ነበር። ዝንጀሮ ላይ ችግር አላሳየም። ለሰው የተሰጠውም ለእንስሳት ደህና ከተባለው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ስድስት ጤነኛ ወንዶች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ወሰዱት። በሰዓታት ውስጥ ሁሉም በጠና ታመሙ፤ የውስጥ አካላቸው መሥራት አቃተው። በሕይወት ተርፈዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ተጠናከረ። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ይወስዳል። ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቃል። ከዚያ ሌላው። ለስድስቱ ይህ ቢደረግ ኖሮ የሚታመመው አንድ በሆነ ነበር።

ሦስትን የማካፈል ስሌት

ሐኪሞች የሚጠቀሙባት አንዲት ቀላል ሒሳብ አለች። በሙከራ ላይ አንድም ሰው ከባድ ችግር ካልገጠመው 3ን ለሰዎቹ ብዛት አካፍል። የሚገኘው ቁጥር ችግሩ በግምት እስከ ምን ድረስ ሊበዛ እንደሚችል፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ይነግርሃል።

ለ25 ሰው ብናሰላው 12 በመቶ ይመጣል። ከስምንት ሰው አንዱን የሚጎዳ ክትባት እንኳን በዕድል ሃያ አምስቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ለ3,000 ሰው ስናሰላው ከሺህ አንድ ይሆናል። ከመቶ ሺህ አንዱን የሚነካ ችግር ግን የትኛውም ሙከራ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። የሚታየው ሚሊዮኖች ከተከተቡ በኋላ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1937 ተሠራ። ሠሪው ማክስ ቴይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ሰው ተሰጠ። እጅግ አልፎ አልፎ ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ጉበትና ሌሎች አካላትን እንደሚያጠቃ በግልጽ የታወቀው ግን በ2001 ነው፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ። ችግሩ የሚደርሰው ከመቶ ሺህ ከአንድ በታች በሆነ ሰው ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከስልሳ ባለፈ ሰዎች ላይ ከፍ ይላል። ይህችን የዕድሜ ነገር እንያዛት፤ በኋላ ትመለሳለች።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ «ደህንነቱ ተረጋገጠ» የሚለው ርዕስ በጥሬው ሲነበብ እንዲህ ነው፦ ወጣትና ጤነኛ የሆኑ ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በዚህ መጠን፣ ቶሎ የሚታይና ብዙ ሰው የሚነካ አደጋ አልታየም። አረጋውያን አልነበሩበትም። ነፍሰ ጡር አልነበረችበትም። ሕፃናትና ስኳር ሕመምተኞችም አልነበሩም። የመጀመሪያ ሙከራ እነሱን የሚያስቀረው ሊጠብቃቸው ብሎ ነው። ያስቀራቸው ለታ ግን ስለ እነሱ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ሕያው ቫይረስና ባዶ ቅርፊት

ሁሉም ክትባት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፍርሃቱም እንዲሁ።

ኢክስቺክ ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። ከቫይረሱ ፕሮቲኖች የአንዱ ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። ስለዚህ ይባዛል፤ ግን በደካማው። ጥቅሙ አንድ መርፌ መብቃቱ ነው። ስጋቱ ደግሞ ሰውነቱ የደከመ ሰው ጋ ሲደርስ «ደካማው» ቫይረስ ያን ያህል ደካማ ላይሆን መቻሉ ነው።

ይህ ስጋት አዲስ አይደለም። ቀደም ሲል የአሜሪካ ጦር የራሱን ሕያው የቺኩንጉኒያ ክትባት ሞክሮ ነበር። ከ59 ተከታቢዎች 8 በመቶ ያህሉ ቀላልና አላፊ የመገጣጠሚያ ሕመም ተሰማቸው። በሽታው የሚያደርገውን ክትባቱም በትንሹ አደረገ ማለት ነው። ያ ክትባት ለገበያ አልበቃም።

በቤተስዳ 25 ሰዎች የወሰዱት ግን ሌላ ነው። የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት ብቻ የያዘ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚባዛበት ዘረ መል የለውም። እንቁላሉ ፈሶ ቅርፊቱ የቀረ እንደ ማለት ነው። መባዛት ስለማይችል በዚያ በኩል ያለው ስጋት ይቀንሳል። ከ25 ሰዎች ተነስቶ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ «ቪምኩኒያ» በሚል ስም በየካቲት 2025 በአሜሪካ ጸደቀ። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ፈቃዱ 13 ዓመት ፈጀ። «በጥድፊያ ነው የሚሠሩት» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር አንድ ነገር ይነግረዋል።

ወደ ኢክስቺክ እንመለስ። በትልቁ ሙከራ 3,082 ሰዎች ተከትበው ነበር። ከክትባቱ ጋር የተያያዘ ከባድ ክስተት የታየባቸው ሁለት ናቸው። በጥሩ ውጤት አለፈ። በ2025 በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ላ ሬዩኒዮን ደሴት ከባድ የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ተነሳ። ክትባቱም በቅድሚያ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው እንዲሰጥ ተወሰነ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ በሽታው የሚጎዳው እነሱን ነውና። ግን ሕያው ክትባትም አብዝቶ የሚያስቸግረው እነሱኑ ነው። ከባድ ችግሮች ተዘገቡ፤ ሞትም ነበረበት።

ከዚህ በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ ተለያዩ። የአውሮፓው የመድኃኒት ኤጀንሲ በግንቦት 2025 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው እንዳይሰጥ ለጊዜው ከለከለ። በሐምሌ ክልከላውን አነሳ። በበሽታው የመያዝ አደጋ ጎልቶ በሚታይበት ቦታ፣ ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ ይሰጥ አለ። አሜሪካው በነሐሴ ፈቃዱን አገደ። በአብዛኛው አንድ ዓይነት መረጃ፣ ሁለት ፍርድ። የአሜሪካ ተከታቢ ብዙውን ጊዜ ጎብኚ ነው፤ ጉዞውን መሰረዝ ይችላል። የላ ሬዩኒዮን ሽማግሌ ግን ትንኟ ያለችው ቤቱ ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱ ይህን ያህል ሊያስገርመን አይገባም፤ አደጋው ሲመዘን ሚዛኑ የሚቆመው በቦታው ላይ ነው።

እገዳው ሙከራው የውሸት ነበር ማለት አይደለም። ሙከራው ያላያቸውን ሰዎች በኋላ ያየ ክትትል ነበር ማለት ነው። ክትትሉ ባይኖር ዜናም አይኖርም ነበር።

የማይረሳው ግን ፊሊፒንስ የሆነው ነው። በ2016 አገሪቱ ዴንግቫክሲያ የተባለውን የዴንጊ ክትባት ለተማሪዎች መስጠት ጀመረች። ከ800,000 በላይ ልጆች ወሰዱ። በኅዳር 2017 አምራቹ ቀድሞ ዴንጊ ያልያዘው ልጅ ከተከተበ በኋላ ሲያዝ ሕመሙ ሊብስበት እንደሚችል አስታወቀ። የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር፤ ዓመታት የሚፈልግ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወላጆች ከኩፍኝ ክትባትም ሸሹ። በ2019 ኩፍኝ በአገሪቱ ተዛመተ። አንድ ጠባብ መልስ ሰፍቶ ሲነበብ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ለምን እኛ ጋ? ለምንስ እኛ ጋ አይሆንም?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። ሁለቱም የሚደመጥ ነገር ይናገራሉ።

አንደኛው «መጀመሪያ በራሳቸው ሰው ይሞክሩት» ይላል። ሀብታም አገር ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ጠበቃው አለ። ድሃ አገር ላይ መጀመር አደጋውን አቅም ወደሌለው ማሻገር ነው። በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል በሕፃናት ላይ የተደረገው የመድኃኒት ሙከራ ዓመታት የፈጀ ክስ አስከትሏል። ስጋቱ ከባዶ አልመጣም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እኛ ላይ ያልተፈተሸ ለእኛ እንዴት ይሆናል?» ይላል። ለዚህም ማስረጃ አለ። ያው የቢጫ ወባ ክትባት ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥና ኡጋንዳ ኢንቴቤ ውስጥ ለሰዎች ተሰጥቶ ነበር፤ ውጤቱ በ2014 ታተመ። የኢንቴቤዎቹ ሰውነት ደካማ ምላሽ ሰጠ። የመከላከያ ሴሎቻቸው ከክትባቱ በፊትም በሌሎች ተሐዋስያን ተጠምደው ነበር። ቢልሃርዚያ፣ የሆድ ትላትልና ወባ ያየ የጣና ዳር ሰውነት ከቤተስዳው ተማሪ ሰውነት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

እኔን የሚያሳምነኝ መካከለኛው መንገድ ነው፤ አንዳንዱም ክትባት እየሄደበት ነው። የከብትና የሰው በሽታ ለሆነው ለስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ኦክስፎርድ የሠራው ክትባት መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ለ15 ሰዎች ተሰጠ። ከዚያ ኡጋንዳ ውስጥ ሌላ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ተጀመረ። የመጀመሪያው መርፌ ሠሪው ባለበት ይሁን። ትልቁ ሙከራ ከመምጣቱ በፊት ግን እዚህም ትንሽና ጥንቁቅ የደህንነት ፍተሻ ይደረግ።

እንዲህ ያለ ፍተሻ ጣና ዳር ቢመጣ ወረቀት ላይ የማይታዩ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ወቅቱ አንዱ ነው። መስከረም ላይ ከተከተቡ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት የክትባቱ ነው ወይስ የወባው? የተከተበውም ያልተከተበውም ይተኩሳል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ፍተሻ ጥርና የካቲት ይሻላሉ፤ ትኩሳት የገጠመው ሁሉም በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ቢደረግለት ደግሞ የበለጠ። ቦታውም ሌላ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለ ፈቃደኛ ሌሊት ቢታመም የሚያመጣው ጀልባ እስኪነጋ የለም። ለሰው ገና ሁለተኛና ሦስተኛ መርፌው የሆነ ክትባት እዚያ መሰጠት የለበትም። ከሆስፒታል በባጃጅ የሚደረስ ሰው ነው የሚፈለገው። የደሴቱ ሰው በኋላኛው ደረጃ ይምጣ።

ፊርማውና የቀን ሒሳቡ

በሕጉ በኩል ባዶ ሜዳ የለም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. መሠረት ያለ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የመድኃኒትም ሆነ የክትባት ሙከራ በሰው ላይ ማካሄድ አይቻልም። ከዚያ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል፤ በተቋም ደረጃም በአገር ደረጃም። መነሻ ሐሳቡም የቆየ ነው። በ1964 የወጣው፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ የተመራማሪ ጉጉት ከሰውየው ደህንነት መቅደም እንደሌለበት ይናገራል።

ችግሩ ፊርማው ጋ ነው። ፈቃደኛው ተረድቶ ነው የሚፈርመው? «ራንደም ተደርጎ ፕላሴቦ ሊደርስህ ይችላል» ብሎ ማስፈረም ማስረዳት አይደለም። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይወጣል። ግማሹ ክትባቱ ይደርሰዋል፤ ግማሹ መድኃኒት የሌለው መርፌ። የትኛው እንደደረሰህ አንተም ሐኪሙም አታውቁም። የፈለግህ ቀን ትተህ መሄድ ትችላለህ፤ ሕክምናህ አይቀርብህም። ይህ በአማርኛ የማይነገር ነገር አይደለም። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ከአጥኚዎቹ ወገን ያልሆነ ምስክር ይቆማል። የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም ሽማግሌ ስለተስማማ ሰውየው ተስማምቷል አይባልም።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። የቀን ሠራተኛ ለቀጠሮ ሲመጣ የዚያን ቀን ሥራ ያጣል። ትራንስፖርትና የባከነ ቀን መክፈል ተገቢ ነው። ክፍያው ከበዛ ግን ሰውየው ሕመሙን ይደብቃል፤ «አመመኝ ካልኩ ያስወጡኛል» ብሎ። ያኔ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የሚጻፈው ወረቀት ውሸት ይሆናል፤ ሙከራውም ያለ ጥቅም ይቀራል። ክፍያው ካነሰ ደግሞ ብዝበዛ ነው። ትክክለኛውን ልክ ማንም በአንድ ቁጥር አልዘጋውም። በእኔ አስተያየት ከክፍያው ይልቅ የሚያስተማምነው ሌላ ወረቀት ነው፦ ጉዳት ቢደርስብህ የሚያክምህ ማን ነው፣ እስከ መቼ፣ በማን ገንዘብ? ይህ በግልጽ ሲጻፍ «ሞከሩብን» ወደ «ሞከሩልን» አንድ እርምጃ ይጠጋል።

ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው

ኢክስቺክ በመጀመሪያ የጸደቀው በአንቲቦዲ ነበር። ከተመረመሩት 266 ተከታቢዎች 263ቱ፣ ማለትም 98.9 በመቶው፣ በቂ አንቲቦዲ አሳዩ። በሽታውን እንደሚከላከል በኋላ እንዲረጋገጥ በሚል ቅድመ ሁኔታ ተፈቀደ። ያ ማረጋገጫ ቀላል አልሆነም። የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ እንደ ጎርፍ ነው፤ በድንገት ይመጣል፣ በጥቂት ወራት ያልፋል። ፕሮቶኮል ተጽፎ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ አልፏል።

ስለዚህ አጥኚዎች ወረርሽኝ ሊመጣበት የሚችል አገር ቀድመው መፈለጋቸው አይቀርም፤ ምሥራቅ አፍሪካም በዚያ ካርታ ላይ አለች። አንዱ ወገን ይህን እንደ ዕድል ያያል፤ ላቦራቶሪ ይመጣል፣ ባለሙያ ይሠለጥናል፣ «ወባ የለብህም» ተብሎ የሚመለሰው ወጣት ቢያንስ ምን እንደያዘው ይነገረዋል። ሌላው ወገን ሙከራው አልቆ አጥኚው ሲሄድ ላቦራቶሪውም አብሮ ይሄዳል ብሎ ይሰጋል። ከሙከራው በኋላ ክትባቱ ለተሞከረበት ሕዝብ በምን ዋጋ እንደሚደርስ ካልተጻፈ ይህኛው ወገን ስህተት ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ጽሑፍ ላይ ድርድር የሚደረገው መርፌው ከመድረሱ በፊት፣ አጥኚው ገና ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። መርፌው ከጀመረ በኋላ ለመደራደር የሚቀመጥ ሰው አይገኝም።